ነርሷ በ58 ዓመቷ፦ የካትሪን ላናሳ ዘግይቶ የመጣ ስኬት ለጎንደር ምን ይነግራታል?

መስከረም 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ሎስ አንጀለስ ውስጥ በተካሄደው 77ኛው የኤሚ ሽልማት ካትሪን ላናሳ የተባለች አሜሪካዊት በድራማ ዘርፍ ምርጥ ረዳት ተዋናይት ተብላ ተሸለመች። በዚያ ምሽት 58 ዓመቷ ነበር። ከሦስት ዐሥርት ዓመታት በላይ በቴሌቪዥንና በሲኒማ ስትሠራ ብትቆይም ለዚህ ሽልማት በዕጩነት እንኳ ቀርባ አታውቅም። ያሸለማት «ዘ ፒት» በተባለው የሆስፒታል ድራማ ውስጥ የተጫወተችው ሚና ሲሆን፣ ገጸ ባሕርይዋ ዳና ኤቫንስ የምትባል የድንገተኛ ክፍል ነርስ ናት።

ጎንደር ከሰባ ዓመታት በፊት ጀምሮ የጤና ባለሙያ ስታሠለጥን የኖረች ከተማ ናት። ነርስ የሌለበት ቤተ ዘመድ ማግኘት የሚያስቸግርባት ከተማ እንዲህ ያለውን ዜና እንደ ሌላው የሆሊውድ ወሬ ሰምታ አታልፈውም። በዚያ ላይ የጤና ባለሙያዎች በግንቦት 2017 ዓ.ም. በመላ አገሪቱ ያነሡት የደመወዝና የሥራ ሁኔታ ጥያቄ ገና ከሰው አፍ አልጠፋም። ስለዚህ የተዋናይቷ ነገር ሲነሣ ጨዋታው ወዲያው ወደ ነርሶች ይዞራል፤ ብዙ ነገርም ይደባለቃል። ተዋናይቷ ቀድሞ ነርስ የነበረች የሚመስላቸው አሉ። ነገሩን የትዕግሥት ዋጋ አድርገው የሚተርኩት ደግሞ ይበዛሉ። ይህ ጽሑፍ የሚከራከረው ከኋለኞቹ ጋር ነው።

በመጀመሪያ ግርታውን ለማጥራት

ላናሳ ነርስ ሆና አታውቅም። በ1966 እ.ኤ.አ. ኒው ኦርሊንስ ተወልዳ በወጣትነቷ የባሌ ዳንስ ተምራለች፤ ወደ ትወናው የገባችው ከዚያ በኋላ ነው። በብዙ ተከታታይ ድራማዎች ሠርታለች፣ ስሟ ግን ከተመልካቹ አፍ የሚገባ አልነበረም። ድራማው ከመቀረጹ ጥቂት ጊዜ በፊት የጡት ካንሰር ሕክምና እንደተከታተለች ራሷ በአደባባይ ተናግራለች።

ኤሚ የቴሌቪዥን ሽልማት ነው፤ ለፊልም ከሚሰጠው ኦስካር ይለያል። ከ1949 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሰጥ ሲሆን፣ በትወና ዘርፍ አሸናፊውን የሚመርጡት የሙያው ማኅበር አባል የሆኑ ተዋንያን ናቸው። «ረዳት» የሚለው መጠሪያም ታሪኩን በዋናነት ከሚሸከመው ሰው ጎን የሚቆመውን ሚና ያመለክታል እንጂ ዝቅተኛ ደረጃን አያሳይም።

ድራማው በጥር 2017 ዓ.ም. በስትሪሚንግ፣ ማለትም በኢንተርኔት በኩል በወርሃዊ ክፍያ በሚታይ ቴሌቪዥን የጀመረ ነው። የመጀመሪያው ምዕራፍ 15 ክፍሎች አሉት። እያንዳንዱ ክፍል ፒትስበርግ ከተማ ባለ ሆስፒታል የአንድን የሥራ ቀን አንድ ሰዓት ይሸፍናል፤ 15ቱ ሲደመሩ አንድ ፈረቃ ይሆናሉ። ዳና የፈረቃው ኃላፊ ነርስ ናት። በእኛ ሆስፒታሎች ካለው አሠራር ለሜትሮኗ፣ ማለትም ለመላው ሆስፒታል የነርሶች አለቃ፣ ሳይሆን ለክፍሉ ኃላፊ ነርስ ትቀርባለች፦ አልጋ ትመድባለች፣ ለነርሶች በሽተኛ ታከፋፍላለች፣ አምቡላንስ ትቀበላለች፣ አዲስ የተመደበ ሐኪም ሲደናገጥ ቀድማ ታውቃለች። በምዕራፉ አጋማሽ ላይ ወረፋ ያሰለቸው አንድ ታካሚ በቡጢ ፊቷን ይመታታል። ጎንደር ላይ ከሌላው ሁሉ ይልቅ ይህ ትዕይንት መነጋገሪያ መሆኑ አያስገርምም። ወደ ምክንያቱ በኋላ እንመለሳለን።

በአንድ ዓመት የተወለዱ ሁለት ነርሶች

የስኬቱን ምክንያት ለማግኘት ሠላሳ ዓመት ወደ ኋላ መሄድ ይጠቅማል። በ1994 እ.ኤ.አ. «ኢአር» የተባለ ሌላ የድንገተኛ ክፍል ድራማ በአሜሪካ ቴሌቪዥን ጀምሮ ነበር። በማግሥቱ ዓመት ጁሊያና ማርጉሊስ የተባለች ተዋናይት፣ በዚያ ድራማ ነርስ ሆና በመጫወቷ፣ ላናሳ አሁን ያገኘችውን ያንኑ ሽልማት በያው ዘርፍ ወሰደች። የሚያስደንቀው ሁለቱ ተዋናይት በአንድ ዓመት፣ በ1966 እ.ኤ.አ. መወለዳቸው ነው። አንደኛዋ ነርስ ሆና ስትሸለም 29 ዓመቷ ነበር፤ ሁለተኛዋ 58።

ልዩነቱ ያለው በሚናዎቹ ውስጥ ነው። የማርጉሊስ ነርስ ወጣት ናት፤ በታሪኩ ውስጥ ያላት ትልቁ ክር ጆርጅ ክሉኒ ከሚጫወተው ሐኪም ጋር ያላት ፍቅር ነው። እንዲያውም በመጀመሪያው ዕቅድ መድኃኒት ከመጠን በላይ ወስዳ በመክፈቻው ክፍል እንድትሞት ታስቦ ነበር፤ ተመልካች ስለወደዳት ነፍሷ ተረፈ። የላናሳ ነርስ ግን የማንም ሐኪም ፍቅረኛ አይደለችም። ክፍሉን ትመራለች፣ ሐኪሞቹን ትገሥጻለች፣ ለዋናው ሐኪም የልብ ጓደኛው ናት። ይህን ለመሆን ዕድሜ ያስፈልጋል። የ29 ዓመት ተዋናይት ይህን ሚና ብትወስደው ተመልካቹ አያምናትም።

የጽሑፉ ዋና ነጥብ እዚህ ላይ ነው። ስለ ላናሳ ሲነገር «ዕድሜዋ ሳያግዳት» ይባላል። ሚናው ግን ዕድሜዋን የሚጠይቅ ነበር። የሃያ ዓመት ልምድ ፊቱ ላይ የሚነበብ ሰው ያስፈልግ ነበር፤ ያንን ደግሞ በሜካፕ መሥራት አይቻልም።

አንድ ነገር እንጨምር። ሁለቱን ድራማዎች የሚያገናኙ ሰዎች አሉ። የ«ዘ ፒት» ዋና ተዋናይ ኖዋ ዋይሊ በ«ኢአር» ጀማሪ የሕክምና ተማሪ ሆኖ የታየው ወጣት ነው፤ ፕሮዲዩሰሩ ጆን ዌልስም እዚያ ሠርቷል። ሠሪዎቹ በዕድሜ ሲገፉ የሚጽፏት ነርስም አብራ አደገች ማለት ይቻላል። ሃያ ምናምን ዓመት ሆኖት ሆስፒታልን የፍቅር ቦታ አድርጎ ያየ ሰው ሃምሳዎቹ ውስጥ ሲገባ ክፍሉን ያቆመችው ማን እንደሆነች ይገባዋል።

ሚናውን የፈጠረው ገንዘብም ጭምር ነው

የጥበብ ሰዎች የማይወዱት ግን የማይዘለል ምክንያት ሒሳብ ነው። የ«ዘ ፒት» አንድ ክፍል ከ4 እስከ 5 ሚሊዮን ዶላር እንደሚፈጅ ተዘግቧል። ለእኛ የሚያዞር ቁጥር ቢሆንም ለአሜሪካ ታላላቅ ተከታታይ ድራማዎች ዝቅተኛ ነው። ወጪው የቀነሰው ታሪኩ ከሞላ ጎደል በአንድ የተሠራ የድንገተኛ ክፍል ውስጥ ስለሚያልቅና ከዋይሊ በቀር ውድ ኮከብ ስለሌለበት ነው።

ውድ ኮከብ በሌለበት ክፍተቱን የሚሞላው ማን ነው? ረጅም የሕክምና ቃላትን ሳያደናቅፍ የሚናገር፣ ካሜራው ከኋላው ሲከተለው የማይደናገጥ፣ ነገር ግን ደመወዙ የኮከብ ያልሆነ ሰው። ይህ መግለጫ ሠላሳ ዓመት በመካከለኛ ሚናዎች የሠራችን ተዋናይት ልክ የተሰፋ ነው። ካስቲንግ፣ ማለትም ተዋናይን ለሚና የመምረጥ ሥራ፣ በዚህ ጊዜ ለእሷ ዓይነት ሰዎች በሩን የከፈተው ከደግነት ተነሥቶ አይደለም፤ በዋጋቸው ከእነሱ የተሻለ ዕቃ ገበያው ላይ ስላልነበረ ነው።

የኮሮና ዘመንም ድርሻ አለው። ዋይሊ ሐሳቡ የተጠነሰሰው በወረርሽኙ ወቅት የጤና ሠራተኞች ከሚልኩለት መልእክት እንደሆነ ተናግሯል። ያን ዘመን ያለፈ ተመልካች ሆስፒታል ሲያይ ዓይኑ ወደ ነርሷ መሄድን ተምሯል።

ትዕግሥት ወይስ ዕድል?

«ቀስ በቀስ ዕንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለውን ተረት ለላናሳ መጥቀስ ቀላል ነው። ተረቱ ሳይፈለፈሉ ስለሚቀሩት ዕንቁላሎች ግን ምንም አይልም። ከእሷ ጋር የጀመሩና እንደ እሷ የታገሡ ብዙ ተዋንያን ዛሬ ስማቸውን የሚያነሣ የለም። ትዕግሥት ለስኬቱ ያስፈልጋል፤ በቂ ነው ማለት ግን አይቻልም።

ዕድል ነው የሚሉት ደግሞ አንድ መከራከሪያ አላቸው። በዘርፉ ሰባት ዕጩዎች ነበሩ፤ አራቱ የመጡት «ዘ ዋይት ሎተስ» ከተባለ አንድ ድራማ ነው። ስለዚህ የዚያ ድራማ ደጋፊዎች ድምፅ ለአራት ተከፍሎ ላናሳ በመሐል አለፈች ይላሉ። ክርክሩ ስሜት ይሰጣል፤ ብዙዎችም ሌላ ሰው ታሸንፋለች ብለው ጠብቀው ነበር። ነገር ግን በዚያው ምሽት «ዘ ፒት» ምርጥ ድራማ ተብሏል፣ ዋይሊም ምርጥ ዋና ተዋናይ ሆኗል። መራጩ ድራማውን በአጠቃላይ እንደወደደው እያየን የላናሳን ድል በድምፅ ክፍፍል ብቻ ማብራራት ይከብዳል።

ሦስተኛ አመለካከትም አለ፦ ቴሌቪዥን ከሲኒማ ይልቅ ለበሰለች ተዋናይት ያመቻል የሚል። በዚያ ምሽት የ74 ዓመቷ ጂን ስማርት በኮሜዲ ዘርፍ ዋና ተዋናይት ሆና መሸለሟ ይህን ይደግፋል። (በዚያው መድረክ አንድ የ15 ዓመት ልጅም ተሸልሟል፤ ምሽቱን የአዛውንቶች ምሽት አድርጎ መተረክም ስሕተት ነው።) ለተከታታይ ድራማ ተመልካቹ ሰውዬውን ወይም ሴትዮዋን በየሳምንቱ ቤቱ ያስገባል፤ ከመልክ ይልቅ ጠባይ እየጎላ ይሄዳል።

ቡጢው ጎንደር ላይ ለምን ተሰማ?

አሁን ወደ ከተማችን። በጎንደር የጤና ሥልጠና የተጀመረው በ1947 ዓ.ም. የሕዝብ ጤና ኮሌጁ ሲከፈት ነው። ወቅቱ በደንቢያ ሜዳ ወባ ብዙ ሕዝብ በጨረሰበት ማግሥት ነበር። ኮሌጁ ያሠለጥን የነበረው ጤና መኮንንን፣ የማኅበረሰብ ነርስንና የአካባቢ ጤና ባለሙያን ሲሆን፣ ሦስቱ እንደ አንድ ቡድን ወደ ገጠር ጤና ጣቢያ እንዲወጡ ነበር የታሰበው። ነርሷ ከመጀመሪያው ሐኪም በሌለበት እንድትሠራ የተዘጋጀች ባለሙያ ነበረች። በአገር ደረጃም ሙያው የጀመረው በክብር ነው፤ የንጉሠ ነገሥቱ ልጅ ልዕልት ፀሐይ በስደት ዘመናቸው ለንደን ውስጥ ነርስነት ተምረው በ1939 እ.ኤ.አ. ተመርቀዋል።

ዛሬ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ከዳባት፣ ከደባርቅ፣ ከአርማጭሆ፣ ከመተማና ከቋራ ሪፈር ተጽፎላቸው የሚመጡ ሰዎችን ይቀበላል። እያንዳንዱ በሽተኛ ከአንድ በላይ አስታማሚ ይዞ ይመጣል። አስታማሚው እንደ እንግዳ ሊታይ አይገባም፤ መድኃኒት ከውጭ የሚገዛው፣ በሽተኛውን ወደ ራጅ ክፍል የሚገፋው፣ የሚያበላው እሱ ነው። ከሩቅ መጥቶ፣ በሬ ወይም እህል ሸጦ፣ ሌሊቱን ኮሪደር ላይ አድሮ የሚጠብቅ ሰው ነው። መድኃኒቱ ሲጠፋ፣ አልጋ ሳይገኝ ሲቀር፣ ስፔሻሊስቱ ቀዶ ጥገና ላይ ሲሆን ቁጣውን የሚያወርደው አጠገቡ ባለው ሰው ላይ ነው። አጠገቡ ያለችው ደግሞ «ሲስተር» ናት።

የችግሩ መጠን በጥናት ታይቷል። በጎንደር ከተማ የጤና ተቋማት በሚሠሩ ባለሙያዎች ላይ ተካሂዶ በ2019 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ከተጠየቁት ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በሥራ ቦታቸው ጥቃት እንደደረሰባቸው አሳይቷል። የሚበዛው ስድብና ማስፈራራት ቢሆንም አካላዊ ጥቃትም አለበት። የዳና ቡጢ ለአሜሪካ ተመልካች አስደንጋጭ የታሪክ መታጠፊያ ሊሆን ይችላል፤ ለጎንደር ነርስ ግን የሥራ ባልደረባዋ የምትነግራት ወሬ ነው።

ተቃራኒውን ቅሬታ መዝለል ፍትሐዊ አይሆንም። ብዙ ታካሚ ነርሶች ይቆጣሉ፣ መልስ አይሰጡም፣ ገጠሬውን ያንቋሽሻሉ ይላል። ይህ ፈጠራ አይደለም። ድራማው ራሱ ዳናን ቅድስት አድርጎ አላቀረባትም፤ ምላሷ ስለታም ነው፣ ሲጋራ ታጨሳለች፣ ትደክማለች። ሁለቱ ቅሬታዎች ብዙ ጊዜ እንደ ተቃራኒ ይቀርባሉ እንጂ ምንጫቸው አንድ ነው፦ ለአንዲት ነርስ ከአቅሟ በላይ በሽተኛ ይመደብላታል። ትሪያጅ፣ ማለትም በሽተኛን በመጣበት ቅደም ተከተል ሳይሆን በሕመሙ ክብደት ለይቶ የማስተናገድ አሠራር፣ ይህን ያባብሰዋል። ቀድሞ የመጣው ሰው ከእሱ በኋላ የመጣ ሲገባ ያያል፤ ምክንያቱን የሚያስረዳው ከሌለ አድልዎ ነው ብሎ ይደመድማል። ለማስረዳት ደግሞ ጊዜ ያለው ነርስ ያስፈልጋል።

የእኛ ተዋናይት ከአርባ በኋላ የት ትሄዳለች?

የአማርኛ ትያትር ሲጀመር የሴት ሚና የሚጫወቱት ወንዶች ነበሩ። እንደ አስናቀች ወርቁ ያሉ ሴቶች መድረክ ላይ ሲወጡ ዋጋ ከፍለው ነው። ከዚያ ወዲህ የሴት ተዋንያን ቁጥር በእጅጉ ጨምሯል፤ የሚጻፍላቸው ሚና ግን በዕድሜ ጠባብ ነው። ወጣቷ ፍቅረኛ ትሆናለች። ከአርባ በኋላ ሙሽራውን የምትቃወም እናት፣ ነጠላ አጣፍታ የምታለቅስ ጎረቤት፣ ወይም ሀብታም መበለት ትሆናለች። ሚናዎቹን ባይንቋቸውም፣ በሁሉም ውስጥ ሴትዮዋ የምትታወቀው በሙያዋ ሳይሆን የማን እናት ወይም ሚስት በመሆኗ ነው።

ነርሷማ ከናካቴው ስም የላትም። ነጭ ጋውን ለብሳ ከቀዶ ጥገና ክፍል ብቅ ትልና የሚያስደስተውን ወይም የሚያስለቅሰውን ዜና ተናግራ ትሰወራለች። ሁለት የተናቁ ሚናዎች፣ የበሰለችው ሴትና ነርሷ፣ በአንድ ሰው ላይ ሲገናኙ ታሪክ ይወጣቸዋል ብሎ ያሰበ ጸሐፊ እስካሁን ብዙ አላየንም።

ጎንደር ላይ ደግሞ ሌላ ችግር ይጨመራል። የፊልምና የድራማ ሥራ የተከማቸው አዲስ አበባ ነው። ጎንደር ለካሜራ የምትፈለገው ለፋሲል ግንብና ለጥምቀት ነው፤ ባለሙያዎቹ ቀርጸው ይመለሳሉ። እዚህ የምትኖር ተዋናይት በትወና መኖር ከፈለገች አዲስ አበባ ቤት መከራየት አለባት። ልጅ ያላት፣ ወላጅ የምትጦር ሴት ይህን አታደርግም፤ ስለዚህ ሥራዋ ገና በሠላሳዎቹ ይቋረጣል። ዘግይቶ ለሚመጣ ስኬት ቢያንስ እስኪመጣ ድረስ ሥራ ላይ መቆየት ያስፈልጋል፤ ላናሳን ሠላሳ ዓመት ያቆያት መካከለኛ ሚናን የሚያኖር ኢንዱስትሪ ነው።

ተስፋ የሚሰጠው የድራማው አሠራር ነው። አንድ ቦታ፣ አንድ ቀን፣ ብዙ ሰው። ለአማርኛ ተከታታይ ድራማ ከዚህ የሚቀል ወጪ የለም። አንድ ያረጀ ሕንፃ በድንገተኛ ክፍል መልክ ቢሰናዳ ለዓመት ይበቃል፤ ጡረታ የወጡ ነርሶች በአማካሪነት ሊቀጠሩ ይችላሉ፤ ከመተማና ከአርማጭሆ የሚመጣው በሽተኛ የራሱን አነጋገር ይዞ ይገባል። የሚከብደው ሌላው ነው። ድራማዎቻችን የሚኖሩት በስፖንሰር ነው፤ ስፖንሰር ደግሞ ደምና ሞት አይወድም። ጽሑፉ ብዙ ጊዜ የሚዘጋጀው ከቀረጻው አንድ እርምጃ ቀድሞ ስለሆነ የሕክምናውን ዝርዝር ለማጣራት ጊዜ አይተርፍም። የመድኃኒት እጥረትን ማሳየትም ከተቋማት ጋር ያጋጫል የሚል ፍርሃት አለ፤ ጸሐፊውም ሳይከለከል ራሱን ይከለክላል።

ምን ይከተላል?

በሆሊውድ ለውጡን ማጋነን አያስፈልግም። አንድ ድራማ ሲሳካ ተመሳሳዮቹ ይከተላሉ፤ ለጥቂት ዓመታት የበሰለች ኃላፊ ነርስ በየድራማው መታየቷ አይቀርም። ከዚያ በኋላ የሚሆነው በገበያው ይወሰናል።

ለነርሶች የሚያመጣው ለውጥ ከዚህም የጠበበ ነው። ጥሩ ምስል ወጣቶችን ወደ ሙያው ሊስብ፣ አስታማሚውንም ትንሽ ሊያለዝበው ይችል ይሆናል። ደመወዝ ግን አይጨምርም። በግንቦት 2017 ዓ.ም. ከፊል የሥራ ማቆም ያደረጉት የጤና ባለሙያዎች፣ አንዳንዶቹም የታሰሩበት፣ ይጠይቁ የነበረው የኑሮ ውድነትን የሚመጥን ደመወዝና የዲዩቲ፣ ማለትም ከመደበኛ ሰዓት ውጭ የሚሠራ የተረኝነት፣ ክፍያ ነው። ከመስከረም 2018 ዓ.ም. ጀምሮ የመንግሥት ሠራተኞች ደመወዝ ተሻሽሏል፤ ማሻሻያው የዋጋ ንረቱን ይደርስበታል ወይ የሚለው አሁንም ያከራክራል።

ከዚህ ሁሉ ለጎንደር ሆስፒታሎች የሚቀርበው ጥያቄ ስለ ልምድ ነው። በኢትዮጵያ የመንግሥት ሠራተኛ ጡረታ የሚወጣው በ60 ዓመቱ ነው። የዳናን ያህል ልምድ ያላት ነርስ እንድትኖር አንዲት ነርስ እስከ 58 ዓመቷ በዚያው ክፍል መቆየት አለባት። ብዙዎቹ ግን ከዚያ በፊት ወደ ግል ክሊኒክ፣ ወደ ግብረ ሠናይ ድርጅት ወይም ወደ ውጭ አገር ይሄዳሉ፤ ሌሎቹ ሌሊት ፈረቃ ወደሌለበት የቢሮ ሥራ ይዛወራሉ። ዳናም በመጀመሪያው ምዕራፍ መጨረሻ ከተመታች በኋላ ዕቃዋን ሰብስባ ልትለቅ ታስባለች። በሁለተኛው ምዕራፍ ተመልሳ ታየች፤ እሷን የመለሳት የጸሐፊዎቹ ውሳኔ ነው። እዚህ የምትመታውን ነርስ በማግሥቱ ወደ ሥራ የሚመልሳት የዲዩቲ ክፍያ በጊዜው መድረሱ፣ በበሩ ላይ የጥበቃ ሠራተኛ መኖሩና የመታት ሰው በሕግ መጠየቁ ነው።